ሃያ ሊትር ናፍጣ

ሳምሶን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለ አንድ አነስተኛ ጤና ጣቢያ በጀነሬተር ሠራተኛነት አሥራ አንድ ዓመት አገልግሏል። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚሮጠው እሱ ነው። ማዋለጃ ክፍል ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር፣ ሐኪሙ ስፌት ላይ እያለ ሲጨልምበት፣ የክትባቱ ፍሪጅ ዝም ሲል፣ ሁሉም ጆሮውን ወደ ጓሮው አቅንቶ የሳምሶንን ማሽን ይጠብቃል። ነርሶቹ «ሳምሶን ካለ መብራት አለ» ይሉት ነበር። እሱም እንዳልሰማ ሆኖ ያልፋል እንጂ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለው ይውላል።

ጓደኛው ኦይታ ተራራው ላይ ያለችው የኦቾሎ መንደር ልጅ ነው። የተዋወቁት ኦይታ ለትምህርት ወደ ከተማ የወረደ ጊዜ፣ ዘጠነኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት አልተለያዩም። ኦይታ ጴንጤ ነው፣ ሳምሶን ኦርቶዶክስ። በጾም ወራት ሳምሶን እነኦይታ ቤት ሲመጣ ልክነሽ ለእሱ ብቻ በዘይት የተሠራ ጎመን ለይታ ታስቀምጥለታለች።

ልክነሽ የኦይታ ሚስት ናት። ባሏ ከከተማው ወጣ ብሎ ላንቴ ካለችው ጠባብ ማሳው የሚያወርደውን ሙዝ መናኸሪያው አጠገብ ትሸጣለች። አማርኛ የለመደችው እዚያው ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የምትለው። «አንቺ ሳምሶን፣ ነዪ ብዪ እንጂ! ምነው ከሳሽ?» ስትል ኦይታ ይስቃል፣ ልጃቸው አቢጋኤል ታፍራለች። ሳምሶን ግን አንድ ቀን እንኳ አርሟት አያውቅም። እንዲያውም ሌላው ሰው ሁሉ በትክክል ሲጠራው የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለው ነበር።

ያን ዓመት በልጉ ዘገየ። መጋቢት ሲጋመስ የሐሬ ወንዝ ቀጠነ፤ ወደ ማሳዎቹ የሚሄደው ቦይም ደረቀ። ፓምፕ ያለው ገበሬ በፓምፕ ይስባል፤ ፓምፑ ግን ናፍጣ ይፈልጋል፣ ናፍጣ ደግሞ ከከተማው ጠፍቷል። የጭነት መኪናና የሚኒባስ ሰልፍ ከማደያው ተነሥቶ መንገዱን ዞሮ ይታጠፋል። ሾፌሮቹ ጎማ ሥር ጨርቅ አንጥፈው ሁለትና ሦስት ቀን ይከርማሉ።

አንድ ሰኞ ኦይታ ባዶ ጀሪካን ይዞ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ሳምሶንን አስጠራው። ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ዓይኑ ደፍርሷል።

«ተቸግሬ ነው የመጣሁት» አለ። «ሙዙ ፍሬ ይዟል። በዚህ ሳምንት ውኃ ካላገኘ በቃ፣ አለቀ። ከጎረቤት ፓምፕ ተውሻለሁ፤ የጠፋው ናፍጣ ነው። ሃያ ሊትር ከየትም ብለህ ፈልግልኝ።»

«ከየት አመጣለሁ ኦይታ? ማደያውን አላየኸውም?»

«አንተ ሾፌሮቹን ታውቃለህ። እኔ ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?»

ሳምሶን ሾፌሮቹን ያውቃል፤ ሾፌሮቹ ግን ምንም እንደሌላቸውም ያውቃል። ጓሮ፣ ጀነሬተሩ ቤት ውስጥ፣ ሠላሳ አምስት ሊትር ናፍጣ ተቀምጧል። የጤና ጣቢያው ድርሻ ዓርብ እንደሚመጣ ተነግሮታል። እስከ ዓርብ አራት ቀን ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት መብራት የጠፋው ሁለት ጊዜ፣ ያውም ለትንሽ ለትንሽ ነበር። ይህን ሁሉ በልቡ አወጣ አወረደ፤ ከዚያ የጓደኛውን ጀሪካን ተቀብሎ ወደ ጓሮ ገባ። ሲመለስ ጀሪካኑ ሞልቶ ነበር።

«አንድ የጭነት ሾፌር ነው የሰጠኝ» አለው።

ኦይታ ጀሪካኑን ተቀበለ። «እግዚአብሔር ይስጥህ» አለና ትከሻውን ጨበጥ አደረገው። የትኛው ሾፌር ብሎ አልጠየቀም።

ዓርብ የተባለው ናፍጣ አልመጣም። በሚቀጥለው ዓርብም አልመጣም። ሳምሶን በየቀኑ እየተነሣ ማደያ ለማደያ ዞረ። ለአለቃው እንዳይናገር ፈራ፤ ዛሬ ነገ ሲል አሥራ ሁለት ቀን አለፈ።

በዚሁ መሐል ልክነሽ ታመመች። መጀመሪያ ሳል ብቻ ነበር። ሦስት ቀን እያሳላት ገበያ ዋለች፤ በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ትንፋሽ አጠራትና ኦይታና አቢጋኤል በባጃጅ አመጧት። ሐኪሙ ሳንባዋን ምች እንደመታት ነገራቸው። ጤና ጣቢያው ካሉት ሁለት የኦክስጅን ሲሊንደሮች ሁለቱም ሊሞሉ ተልከው ስለነበር፣ በመብራት የሚሠራው የኦክስጅን ማሽን አጠገቧ ተቀመጠ። ቀጭኑን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ ሲያደርጉላት የከንፈሯ ቀለም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሳምሶን አልጋዋ አጠገብ ሲቆም ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋችለት።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ወደ ሆስፒታል ትሂድ አለ። አምቡላንሱ ግን ምጥ የጠናባት ሴት ሊያመጣ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሩቁ ደጋ ወደ ገረሴ ወጥቷል። «ሲመለስ በእሱ ትሄዳለች፤ እስከዚያ ማሽኑ ይዟታል» ተባለ። አንድ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።

ሳምሶን ሮጦ ጀነሬተሩን አስነሣ። ማሽኑ እንደገና መሥራት ሲጀምር ኦይታ ከመስኮቱ ወደ ጓሮ ተመልክቶ በእጁ አመሰገነው። ሳምሶን ጋኑ ውስጥ የቀረውን ያውቃል፤ አሥራ አምስት ሊትር። አራት ሰዓት ያህል ይሠራል። ከዚያ መብራት ይመጣል፣ ወይም አምቡላንሱ ይደርሳል ብሎ ለራሱ ነገረ። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ። አምቡላንሱ መንገድ ላይ ነው ተባለ። አራት ሰዓት ሲሆን ሳምሶን ባዶ ጀሪካን አንሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

አቢጋኤል እናቷን በደብተር ታናፍሳለች። ልክነሽ ላብ አጥምቋታል፤ ሆኖም ዓይኗ ንቁ ነው። ሳምሶን ፊት ላይ ምን እንዳነበበች እንጃ፣ ቱቦውን በጣቷ ገለል አድርጋ፣ «አንቺ ሳምሶን» አለችው በሚቆራረጥ ድምፅ። «ምን ሆንሽ? አይዞሽ።»

ጀሪካኑን እንደያዘ ወጥቶ ሮጠ።

የመጀመሪያው ማደያ ዝግ ነበር። ሁለተኛው ላይ ተሰልፈው ያደሩ ሾፌሮችን ለመነ፤ «ሰው ሊሞትብኝ ነው» አለ። አንዳንዶቹ «ማታለያ ነው፣ ሁሌም እንዲህ ይባላል» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። መጨረሻ ላይ አንድ የጨንቻ ሚኒባስ ሾፌር ከራሱ ጋን በጎማ ቱቦ አምስት ሊትር ሳበለት። ሳምሶን ጀሪካኑን አቅፎ ባጃጅ ላይ ሲወጣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነበር።

ሲደርስ ጀነሬተሩ ጸጥ ብሏል። ክፍሉ ውስጥ አልጋው ባዶ ነው፤ የኦክስጅኑ ቱቦ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ነርሷ መቅደስ አንሶላውን ትጠቀልላለች።

«ማሽኑ ሲቆም በሚኒባስ ወሰዷት» አለችው። «ምን እናድርግ ሳምሶን? ዝም ብለን እናያት?»

ልክነሽ ወደ ሆስፒታሉ የሚያወጣውን ዳገት ሳትጨርስ፣ በሩ እየታየ፣ ባሏ ደረት ላይ ተደግፋ ዐርፋለች። መብራት የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሳምሶን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችን ስሌት ስንት ሺህ ጊዜ እንዳሰላት አይታወቅም። ያ ሃያ ሊትር በቦታው ቢሆን ጀነሬተሩ እስከ አሥር ሰዓት ይሠራ ነበር። ገረሴ የሄደው አምቡላንስም ሰባት ሰዓት ላይ ደርሶ ነበር።

ቀብሩ ኦቾሎ ላይ ሆነ። ሳምሶን ከሬሳው ጋር ወጣ፤ ሦስት ቀን አብሮ ተቀመጠ፤ ለለቅሶተኛው ውኃ ቀዳ፣ ወንበር አመላለሰ። ሰው «እንዲህ ያለ ጓደኛ ይስጥ» ሲል በጆሮው ሰማ። ኦይታ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ሳምሶንን ረጅም ጊዜ አየውና አንገቱን ደፋ።

ከተማው ግን ዝም አላለም። ልክነሽን መናኸሪያው ሁሉ ያውቃት ነበር። የገበያ ሴቶችና የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ተሰብስበው ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። «መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ሊሞት ነው ወይ?» አሉ። እዚያ ዕድላዊት የምትባል ወጣት የኢነርጂ ባለሙያ ነበረች። ጤና ጣቢያዎቹ፣ የውኃ ፓምፖቹና የመንገድ መብራቶቹ በፀሐይ ኃይል እንዲሠሩ ከተማው በይፋ ቃል ይግባ የሚል ዕቅድ ይዛ ሁለት ዓመት ከቢሮ ቢሮ ተመላልሳለች። አንዱ በጀት የለም ይላታል። ሌላው፣ «ልጄ፣ የኛ መብራት ከግድብ ነው የሚመጣው፤ ከዚህ በላይ ምን ንጹሕ ትፈልጊያለሽ?» ይላታል። እሷም፣ «ሲመጣ ከግድብ ነው፤ ሲጠፋ ግን የምንኖረው በናፍጣ ነው። ናፍጣው ደግሞ የለም» ትል ነበር። ማንም ሰው ይህን ነገር ስታስረዳ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ አድምጧት አያውቅም። ከልክነሽ ሞት በኋላ ግን ምክር ቤቱ ራሱ ጠራት፤ በሚያዝያ ወር ሕዝባዊ ስብሰባም ተጠራ።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያይ ነበር። ዕድላዊት ያላትን አቀረበች። ከዚያ ኦይታ እንዲናገር ተጋበዘ። ነጭ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል።

«እኔ ስለ ሶላር አላውቅም» አለ። «ገበሬ ነኝ። ሚስቴ ስትሞት ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ሙቀቱ አላስተነፈሰንም። እሷ አየር አጥታ እየሞተች፣ ያ ሁሉ ፀሐይ ጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ላይ እንዲሁ ወርዶ ይቀራል። ሌላ የምለው የለኝም።»

አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው አለቀሰ። ቀጥሎ ሳምሶን ተጠራ። ስለ ጀነሬተሩ እንዲያስረዳ ነበር። ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ በሰዓት ስንት እንደሚበላ ተናገረ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሸምገል ያሉ የምክር ቤት አባል መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቁት።

«በዚያን ዕለት መኖር የነበረበት ናፍጣ ስንት ሊትር ነው? የነበረውስ ስንት ነው?»

ሳምሶን ማይክሮፎኑን ጨበጠ። ሊናገር ነበር፤ በእርግጥም ሊናገር ነበር። ያን ጊዜ ኦይታ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ሊትሩ ስንት እንደሆነ ብታውቁ ሚስቴ ትነሣለች? ናፍጣ አለቀ፤ ሁልጊዜም ያልቃል። እሱን አታስጨንቁት፤ ወንድሜ ነው።»

ሰው አጨበጨበ። ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ሳምሶን ወደ ቦታው ሲመለስ ሚስቱ ቲጂ እጁን ይዛ አስቀመጠችው።

ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን ወደ ላንቴ ሄደ። ኦይታ ማሳው ውስጥ የደረቀ የሙዝ ቅጠል በማጭድ ይቆርጣል። በልጉ በመጨረሻ መጥቶ ነበር፤ ዛፎቹ አረንጓዴ ሆነው፣ ዘለላዎቹ ከብደው ጎንበስ ብለዋል። ሳምሶን ቆሞ ማየት አቃተው።

«ኦይታ፣ የምነግርህ ነገር አለ።»

«ተወው» አለ ኦይታ ሳይዞር።

«አልተወውም። ያ ናፍጣ ከሾፌር አይደለም። ከጀነሬተሩ ነው የቀዳሁልህ። ዓርብ እተካዋለሁ ብዬ ነበር። እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ኦይታ ማጭዱን መሬት ላይ አኖረ። እዚያው ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አውቃለሁ» አለ። «ያን ቀንም አውቃለሁ። ከተማ ሙሉ የጠፋ ናፍጣ አንተ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይዘህ ስትመጣ ከየት ሊሆን ይችላል? ያልጠየቅኩህ እኮ እንዳትነግረኝ ነው። ብትነግረኝ አልወስደውም ነበር። መውሰድ ደግሞ ፈልጌ ነበር።»

ሳምሶን አጠገቡ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ፤ ኦይታ ግን እጁን አንሥቶ ከለከለው።

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን ዝም አሰኘኸኝ? ለምን ወንድሜ ነው አልክ?»

«ለአንተ ብዬ መሰለህ?» አለ ኦይታ። «አንተ ያን ጊዜ ብትናገር፣ ሌባው ተገኘ ብለው አንተን ያስሩና ወደየቤታቸው ይሄዱ ነበር። ጀነሬተሩ ቤት ላይ ቁልፍ ይጨምሩበታል፣ አለቀ። ያቺ ልጅ ወረቀቷን ይዛ እንደገና ከበር በር ትዞራለች። ልክነሽ በከንቱ እንድትሞትብኝ አልፈለግሁም። ደግሞም… አንተን ካሰሩ የወሰደውስ ማነው ይላሉ። ልጄ ትሰማለች። አባቷ በእናቷ ትንፋሽ ሙዝ እንዳጠጣ ትሰማለች።»

ሁለቱም አለቀሱ፤ ግን አብረው አላለቀሱም። አንዱ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ሌላው ከዛፉ ሥር ቆሞ።

«ይቅር በለኝ» አለ ሳምሶን።

«ይቅር ብዬሃለሁ። አምላኬ ፊት ይቅር ብዬሃለሁ።» ኦይታ ተነሥቶ ማጭዱን አነሣ። «ቤቴ ግን አትምጣ። አንተን ባየሁ ቁጥር ራሴን ነው የማየው። አልችልም ሳምሶን። አልቻልኩም።»

በዚያው ሳምንት ሳምሶን ወደ ዕድላዊት ቢሮ ሄዶ ጓደኛውን ሳይጠቅስ የራሱን ጥፋት ነገራት። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ለምን ነገሩኝ?» አለችው። «ይህንን ካወቅኩ በኋላ እንዴት ብዬ ነው ዕቅዱን ለድምፅ የማቀርበው?»

«እውነቱን እንድታውቂው ብዬ ነው። ከፈለግሽ አሁኑኑ ሄጄ እናገራለሁ።»

ዕድላዊት ራሷን ነቀነቀች፤ እምባዋም መጣ። «ጋሽ ሳምሶን፣ የሰው ነፍስ አንድ ሰው እጅ ላይ ባለች አንዲት ጀሪካን ከተንጠለጠለች፣ አንድ ቀን መፍሰሷ አይቀርም። በእርስዎ ባይሆን በሌላ። እኔ ሁለት ዓመት ይህንኑ ነው የምለው። ግን ቁጥር ይዤ ስለምናገር ማንም አልሰማኝም። የሰሙት ሰው ሲሞት ነው።» ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረች፤ «ለአለቃዎ ግን ይንገሩ። ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው።»

ነገራቸው። አለቃው ሰውየውን አሥራ አንድ ዓመት ያውቁታል፤ ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ነገሩ ወደ ክስ አልሄደም፤ ሥራውን ለቀቀ ተባለ፣ አበቃ። ምክር ቤቱ በግንቦት መጨረሻ ድምፅ ሰጠ። በአምስት ዓመት ውስጥ የከተማው ጤና ጣቢያዎች፣ ፓምፖችና የመንገድ መብራቶች በሙሉ በፀሐይ ኃይል እንዲሠሩ፣ ከጤና ጣቢያዎቹም እንዲጀመር ተወሰነ። ሁለት እጆች ብቻ አልተነሡም። ለዕቅዱ የልክነሽ ስም ይሰጠው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ኦይታ እባካችሁ ተዉኝ ብሎ ለመነ፤ ተዉት።

በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያዎቹ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ ሲሰቀሉ ሳምሶን አርባ ምንጭ አልነበረም። ከቲጂ ጋር ወደ ዘመዶቿ አገር ወደ ገረሴ ወጥተው ድንችና ገብስ ያርሳሉ። ምርቃቱ ላይ ኦይታም እንዳልተገኘ ከሰው ሰማ። ነርሷ መቅደስ ስልክ ደውላ፣ «መብራት ዛሬ ሙሉ ቀን ጠፍቶ ውሎ እኛ ሳናውቅ መሸ» ስትለው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ ስልኩን ዘግቶ እርሻው ውስጥ ገብቶ እስኪደክመው ቆፈረ።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ ድንች ይዞ ወደ ሲቀላ ወረደ። መናኸሪያው ውስጥ የመመለሻ መኪና ሲጠብቅ አንዲት ረጅም ልጅ ከሰው መሐል እየሮጠች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አቢጋኤል ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ጉንጯና አነጋገሯ ቁርጥ እናቷን ሆኗል። ሳመችው፣ ደግማ ሳመችው።

«ጋሽ ሳምሶን! ምነው ጠፋህብን? እማዬ ከሞተች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ቤት አልመጣህም። አባባን ስጠይቀው ሥራ በዝቶበት ነው ይለኛል።»

ከልጅቷ ትከሻ ባሻገር፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ኦይታ የሙዝ ዘለላ ጋሪ ላይ ሲጭን ታየው። ኦይታም አይቶታል። ዘለላውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። መኪና አለፈ፣ ሌላ መኪና አለፈ፤ አንዳቸውም እጃቸውን አላነሡም።

«አዎ ልጄ» አላት ሳምሶን። «ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«እሺ፣ ለገና ግን ትመጣለህ አይደል? ቃል ግባልኝ።»

የገረሴው መኪና ረዳት በሩን እየደበደበ ስሙን ጠራው። ሳምሶን የልጅቷን ግንባር ሳመና መኪናው ላይ ወጣ። መልስ እንዲሰጣት በመስኮቱ ሥር ቆማ ስትጠብቅ መኪናው ተነሣ።